የዓሣ ዕድሜ የተጻፈው ጆሮው ውስጥ ነው

ዓሣ መግማት የሚጀምረው ከጭንቅላቱ ነው ይባላል። ዕድሜው የሚነበበውም እዚያው ነው።

አንዲት የባሕር ዓሣ ተመራማሪ ዓሣ እጇ ሲገባ ርዝመቱን ትለካለች፣ ትመዝናለች፣ ሆዱን ቀዳ ወንድ ይሁን ሴት፣ ምን በልቶ እንደነበረም ታያለች። እስከዚህ ማንም ይገምታል። ቀጥላ ግን የራስ ቅሉን በቢላ ትከፍትና ከአንጎሉ ሥር በወረንጦ ሁለት ነጫጭ ጠጠሮች ለቅማ ታወጣለች። እንደ ዓሣው ዓይነት ከሩዝ ፍሬ የሚያንሱ አሉ፣ ባቄላ የሚያክሉም አሉ። ትጠራርጋቸውና ትንሽ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ከትታ ቀኑን፣ ቦታውንና የዓሣውን ቁጥር በእርሳስ ትጽፍበታለች። በእርሳስ የሆነው እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ስለሚፈስ ነው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ዓሣ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

ይኼ የባሕር ሥራ ነው። ግን የእነዚህን ተመራማሪዎች የሥራ ታሪክ ብታዩ «የዓሣ ኢኮሎጂ» እና «የዓሣ እርባታ» ጎን ለጎን ተጽፈው ታገኛላችሁ። አንዱ የዱር ዓሣ ጉዳይ ነው፣ ሌላው የገንዳ። ምን አገናኛቸው?

ጥያቄው ሰሞንኛ የሆነበት ምክንያት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በ2022 በእርባታ የተመረተው የውሃ እንስሳ ከባሕር፣ ከሐይቅና ከወንዝ ከተጠመደው ለመጀመሪያ ጊዜ በልጧል። እርባታው 94.4 ሚሊዮን ቶን ሰጠ፤ ከጠቅላላው 51 በመቶ መሆኑ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ቁጥሩ ውስጥ ደግሞ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ሽሪምፕና ዛጎል ለባሾችም አሉበት።) ታዲያ ገንዳው ባሕሩን ከበለጠው የባሕሩ ተመራማሪ ምን ያደርጋል ነው ነገሩ።

አጭሩ መልስ ይኼ ነው፦ ባሕሩም ገንዳውም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ዓሣ በሕይወቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ለምን ይሞታል? ረጅሙን መልስ ከሥር ታገኙታላችሁ።

ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

የዓሣ ኢኮሎጂ ዓሣ ከአካባቢው ጋር ያለውን ጉዳይ ሁሉ ማጥናት ነው። ምን ይበላል፣ ማን ይበላዋል፣ የት ይራባል፣ ወዴት ይሰደዳል፣ ለምን አንድ ዓመት በዝቶ በሌላው ይጠፋል።

እርባታ፣ አኳካልቸር የሚሉት ማለት ነው፣ ዓሣን እንደ ከብት መያዝ ነው። ባለቤት አለው፣ መኖ ይሰጠዋል፣ ከበሽታ ይጠበቃል። ቦታው ኩሬ ሊሆን ይችላል፣ ገንዳ ሊሆን ይችላል፣ ባሕር ላይ የተዘረጋ የመረብ ኬጅም ሊሆን ይችላል።

አንድ ቃል ልጨምር፦ እጭ። ከእንቁላል እንደወጣ፣ ገና ዓሣ ዓሣ የማይመስለው ፍጡር ነው። ወሬው ሁሉ እሱ ላይ ስለሚዞር ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ጠጠሯ ምን ትናገራለች?

የጆሮ ድንጋይ ትባላለች፤ በሳይንስ ስሟ ኦቶሊት። ዓሣ ጆሮ አለው፣ ከውጭ ስለማይታይ ነው እንጂ። ድንጋዮቹ ለመስማትና ሚዛኑን ለመጠበቅ ይጠቅሙታል። የተሠሩት ከካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር። ዓሣው በኖረ ቁጥር ስስ ሽፋን በሽፋን ላይ ይደረባል። አጥንትን ሰውነት ሲቸግረው መልሶ ሊበላው ይችላል፤ የጆሮ ድንጋይ ግን አንዴ ከተደረበ እንደተደረበ ይቀራል። ሲሞቀውና ምግብ ሲበዛለት ሽፋኑ ይሰፋል፣ ሲበርደው ይጠባል። ስለዚህ እንደ ዛፍ ግንድ ዓመት በዓመት ቀለበት ይሠራል።

አነባበቡ የእጅ ሥራ ነው። ድንጋዩን መሃሉ ላይ ትሰብረዋለህ፣ የተሰበረውን ፊት ነበልባል ላይ ለአፍታ ታሳየዋለህ። የብርድ ወቅት ጠባብ መስመሮች ይጠቁራሉ። አንድ ጠብታ ዘይት አድርገህ ማይክሮስኮፕ ሥር ታስገባና ትቆጥራለህ። ሌላ ሰውም አንተ ያገኘኸውን ሳያይ ይቆጥራል፤ ቁጥራችሁ ካልገጠመ እንደገና።

በ1971 ጆርጂዮ ፓኔላ የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በዓመታዊዎቹ ቀለበቶች መካከል በየቀኑ የሚሠሩ ቀጫጭን ቀለበቶች እንዳሉ አሳየ። ይኼ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ጣት የማታክል የዓሣ ጫጩት በየትኛው ቀን እንደተፈለፈለች፣ በስንተኛው ሳምንቷ እድገቷ እንደተጎተተ ማወቅ ተቻለ። በኬሚካል ምርመራ ሲታይም ድንጋዩ የውሃውን ማስታወሻ ይዟል፤ ስትሮንሺየምና ባሪየም የተባሉ ንጥረ ነገሮችን መጠን እያዩ ዓሣው መቼ ወንዝ፣ መቼ ባሕር ውስጥ እንደነበረ ይለያሉ።

ዕድሜ ማወቅ ለምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ኦሬንጅ ራፊ የሚባለውን ጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ተመልከቱ። በኒውዚላንድና በአውስትራሊያ ዙሪያ በመርከብ ሲታፈስ እንደማንኛውም ዓሣ ቶሎ የሚተካ መስሏቸው ነበር። በኋላ የጆሮ ድንጋዩ ሲነበብ ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚኖር፣ ለመራባት ራሱ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ እንደሚፈጅበት ታወቀ። ባንክ ያስቀመጥከውን ገንዘብ ወለዱን እየበላሁ ነው ብለህ ዋናውን ስትጨርስ ማለት ነው።

ድንጋይ የማያስነብቡም አሉ። የግሪንላንድ ሻርክን ዕድሜ ለማወቅ ተመራማሪዎች የዓይኑን ሌንስ እምብርት በራዲዮካርቦን (ዕድሜ በሚለካበት የካርቦን ዓይነት) መረመሩት፤ በ2016 የወጣው ውጤት ከመረመሯቸው ሁሉ ትልቋ ሻርክ በትንሹ 272 ዓመት እንደሆናት ገመተ። ይኼን ስሰማ ለራሴም ማመን አቅቶኝ ነበር።

የማይታይ ዓሣ እንዴት ይቆጠራል?

በሙያው ውስጥ የቆየ ቀልድ አለ፦ ዓሣ መቁጠር ዛፍ እንደመቁጠር ነው፣ ልዩነቱ ዛፎቹ አይታዩም፣ ደግሞም ይሄዳሉ።

መፍትሔው ሁሉንም ለመቁጠር አለመሞከር ነው። በየዓመቱ በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት፣ ለተመሳሳይ ደቂቃ እየጎተቱ የዘንድሮውን ካምናው ማወዳደር። በተጨማሪ ድምፅ ወደ ታች ይልካሉ፤ ብዙ ዓሦች ሆዳቸው ውስጥ የአየር ከረጢት ስላላቸው ድምፁ ነጥሮ ይመለሳል። ምልክት አስረው የሚለቁም አሉ። ይኼ ሁሉ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ግምት ይወጣል።

አጥማጆች የሚይዙትን መቁጠር አይበቃም ወይ? አይበቃም፣ አደገኛም ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ሲያልቅ የቀሩት ተሰብስበው አንድ አካባቢ ይገኙ ነበር። ትልልቆቹ መርከቦች ደግሞ መሣሪያ ስላላቸው የተሰበሰቡበትን አያጡትም። መረቡ እንደ ድሮው እየሞላ ይወጣ ስለነበር ባሕሩም እንደ ድሮው ሙሉ መሰለ። በጁላይ 2 ቀን 1992 መንግሥት ዓሣ ማጥመዱን ዘጋው፤ ወደ 30,000 ሰው ሥራ አጣ። ዓሣው ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሚሊዮን እንቁላል እየተጣለ ባሕሩ ለምን አይሞላም?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። አንዲት ትልቅ የኮድ ሴት በአንድ የመራቢያ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። የዓሣው ቁጥር ባለበት እንዲቀጥል ግን ዕድሜ ልኳን ከጣለችው ሁሉ በአማካይ ሁለት ብቻ አድገው መራባት ቢችሉ በቂ ነው። ሁለት! አራት ቢደርሱ ቁጥሩ በአንድ ትውልድ እጥፍ ይሆናል። ከሚሊዮኖች መሃል የሁለት ልዩነት ነው የአጥማጁን ዓመት የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው።

ይህን መጀመሪያ በደንብ ያየው ዮሃን ዮርት የተባለ ኖርዌያዊ ነው። ከዚያ በፊት ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ ሲጠፋ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ነበር የሚባለው። ዮርትና ባልደረቦቹ ዕድሜውን ከቅርፊቱ ላይ እያነበቡ (ቅርፊትም ቀለበት አለው) ዓመት በዓመት ሲመዘግቡ አንድ የሚገርም ነገር አዩ። በ1904 የተወለዱት ሄሪንጎች ለብዙ ዓመታት መረቡን የሞሉት እነሱ ነበሩ። ከእነሱ በፊትና በኋላ የተወለዱት በጣም ጥቂት። ዓሣው አልተሰደደም፤ አንዳንድ ዓመት ልጆቹ ይተርፋሉ፣ አንዳንድ ዓመት ያልቃሉ።

በ1914 ባሳተመው ሥራው ምክንያቱን ገመተ። እጩ ከእንቁላል ሲወጣ ከሆዱ ሥር የአስኳል ከረጢት ተሸክሟል፤ ስንቁ ናት። ብዙዎቹ የባሕር እጮች ሲፈለፈሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው፣ ሰውነታቸው እንደ መስተዋት ያሳያል፣ አፋቸው እንኳ ገና አልተከፈተም። ስንቁ በቀናት ውስጥ ያልቃል። ያ ቀን ሲመጣ አፍ ተከፍቷል፣ ዓይን ማየት ጀምሯል፣ እና አፉ የሚችለው መጠን ያለው የሚንቀሳቀስ ምግብ አጠገቡ መኖር አለበት። ከሌለ አለቀ። ወይም ደግሞ፣ አለ ዮርት፣ ሞገድ ወደማይሆን ቦታ ይወስደዋል።

በኋላ እንግሊዛዊው ዴቪድ ኩሺንግ ሐሳቡን አሰፋው፦ እጮቹ የሚፈለፈሉበት ጊዜና ጥቃቅን የባሕር ምግብ የሚበዛበት ጊዜ መግጠም አለባቸው። ባሕሩ ቀድሞ ሞቆ ምግቡ ቀድሞ ቢወጣ እጩ ድግሱ ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ዛሬ የሚያጠኑት ረሃብ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። የራበው እጭ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቀስ ብሎ ያደገ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሌላ ጉርሻ ሆኖ ይቆያል። ገዳዮቹ ተባባሪ ናቸው።

ታዲያ ይኼ ገንዳ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ገንዳ ውስጥ ያለው እጭም ያው እጭ ነው። አስኳሉ ያልቃል፣ አፉ ይከፈታል፣ የሚዋኝ ምግብ ይፈልጋል። ዱቄት ብትነሰንስለት አብዛኛው አያየውም፤ የሚያሳድደው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ቢውጠውም አንጀቱ ገና አልበሰለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ልንገራችሁ። በዓለም ላይ በስፋት የሚረቡት የዓሣ ዓይነቶች ለምን የተወሰኑ ሆኑ? አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሳልሞን እንቁላል አተር ያክላል፤ ልጁ ሲወጣ ስንቁ ብዙ ነው፣ ስንቁን ሲጨርስም አፉ ሰፍቶ የተዘጋጀ መኖ መዋጥ ይችላል። የናይል ቲላፒያ እናት እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ታቅፋለች፤ ትንሽ ትወልዳለች፣ ግን ጠንካራ ልጆች ትለቃለች። ሁለቱም የዮርትን አስፈሪ ቀን አልፈውት ነው ወደ ገንዳው የሚገቡት። እንቁላላቸው የስፒል ጭንቅላት የምታክል የባሕር ዓሦች ግን ለአርቢው ራስ ምታት ነበሩ።

መፍትሔው ከባሕሩ ተቀዳ። በ1960ዎቹ ጃፓኖች ሮቲፈር የሚባል፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር እንስሳ በገንዳ እያራቡ ለእጮች መስጠት ጀመሩ። እጩ ትንሽ ሲያድግ አርቴሚያ ይከተላል። ይህች ከጨው ሐይቅ የምትገኝ ፍጥረት እንቁላሏ ደርቆ በጣሳ ታሽጎ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ጨዋማ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ቢሆንም እጮቹ እየበሉ ይሞቱ ነበር። ለካ ሮቲፈርና አርቴሚያ ባሕር ውስጥ ያለው ምግብ የያዘው የቅባት ዓይነት፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው፣ ያንሳቸዋል። አሁን መጀመሪያ ሮቲፈሩ ቅባቱን ይመገባል፣ ከዚያ እሱ ራሱ ለእጩ ይሰጣል። ምግቡን መመገብ ማለት ነው።

እንቁላሉን ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ብዙ ዓሣ ገንዳ ውስጥ ይወፍራል እንጂ አይወልድም፤ ጎርፉ የለ፣ ሞገዱ የለ፣ አንጎሉ ጊዜው ደርሷል የሚል ምልክት አያገኝም። በ1930ዎቹ ብራዚል ውስጥ ሮዶልፎ ፎን ኢሄሪንግ ከሌላ ዓሣ አንጎል ሥር ከሚገኝ እጢ የተወሰደ ሆርሞን ወግቶ ማስወለድ ቻለ። ሕንዳዊው ሂራላል ቻውዱሪ በጁላይ 10 ቀን 1957 ያንኑ የሕንድ ካርፕ በሚባሉ የወንዝ ዓሦች ላይ አሳካ፤ ሕንድ ቀኑን እስከዛሬ የዓሣ አርቢዎች ቀን ብላ ታከብረዋለች።

የኢል ነገር ደግሞ የተለየ ነው። ኢል እባብ መሳይ ዓሣ ነው፣ ወንዝ ውስጥ አድጎ ለመራባት ወደ ባሕር ይሄዳል፣ የት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ዴንማርካዊው ዮሃንስ ሽሚት ከ1904 ጀምሮ አትላንቲክን እያቋረጠ እጮቹን ሰበሰበ። ዘዴው ቀላል ነው፣ ትዕግሥቱ ነው ከባዱ፦ እጮቹ እያነሱ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ መሄድ። ትንሿ እጭ ያለችበት የተወለደችበት ቅርብ ነውና። ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶበት እዚያው አትላንቲክ ውስጥ ሳርጋሶ ባሕር ከሚባለው ቦታ ደረሰ። ጃፓኖች የራሳቸውን ኢል እንቁላል ባሕር ላይ ያገኙት በ2009 ነው፣ ከማሪያና ደሴቶች በስተምዕራብ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ገንዳ ውስጥ ከተወለደ ኢል ሌላ ትውልድ ማግኘት ቻሉ። እጩ የተመገበው ከሻርክ እንቁላል የተበጠበጠ ገንፎ መሳይ ነገር ነው። ይቻላል፣ ግን ውድ ነው። የኢል አርቢዎች እስካሁን በአመዛኙ የሚያሳድጉት ከባሕር የተያዘ ጫጩት ነው። እርባታ ይባላል እንጂ ዘሩ አሁንም የባሕሩ ነው።

የሚረባው ዓሣ ሌላ ዓሣ አይበላም ወይ?

ይበላል፣ እንደ ዓይነቱ። ሳልሞን ሥጋ በል ነው፣ መኖው ውስጥ እንደ አንቾቪ ካሉ ትናንሽ ዓሦች የተሠራ ዱቄትና ዘይት ይገባል። ኦይስተርና መሰል ዛጎል ለባሾች ግን ምንም አይሰጣቸውም፤ ውሃውን አጥልለው ይኖራሉ። ስለዚህ «የእርባታ ዓሣ ባሕሩን ይጨርሳል» ወይም «ባሕሩን ያድናል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የትኛው ዓሣ ብላችሁ ጠይቁት።

ብዙ የሚጠቀሰው ቁጥር አንድ ኪሎ ሳልሞን በ1.2 ኪሎ ገደማ መኖ ያድጋል የሚለው ነው። ከብት ከዚያ ብዙ እጥፍ ይፈልጋል። ዓሣ ሰውነቱን አያሞቅም፣ ውሃው ስለሚሸከመው ለመቆም ጉልበት አያወጣም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ መኖው ደረቅ ነው፣ ዓሣው ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ ትንሽ ተኳኩሏል።

መኖው ራሱ ተቀይሯል። በ1990 የኖርዌይ ሳልሞን መኖ 90 በመቶ ያህሉ ከባሕር ነበር፤ በ2013 ወደ 30 በመቶ ወረደ። የቀረውን እንደ አኩሪ አተር ያሉ ተክሎች ተኩት። ባሕሩ ቀለለው፣ ሸክሙ ወደ እርሻ መሬት ዞረ።

ምን ይበላሻል?

ብዙ ጊዜ ውሃው። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ግን ሲሞቀው የሚፈልገው ይጨምራል። በኩሬ ውስጥ ደግሞ ክፉው ሰዓት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አልጌው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ነገር፣ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን እሱም ይተነፍሳል። ጠዋት ዓሣዎቹ ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው ካያችኋቸው አየር አጥሯቸዋል። ዓሣ በስንጥቡ የሚያስወግደው አሞኒያም አለ፣ ባክቴሪያዎች ካልቀየሩት ራሱን ይመርዘዋል።

ባሕር ላይ ባሉ ኬጆች ደግሞ የባሕር ቅማል ይበዛል። ከእኛ አንጻር ሥራው የኢኮሎጂ ነው፦ ቅማል ለቅመው የሚበሉ ትናንሽ ዓሦች አብረው ይገባሉ። ሐሳቡ ያምራል፤ ኬጁ ውስጥ ግን ከእነዚህ ጽዳተኞች ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ ክርክሩም አልበረደም። መረብ ተቀዶ የሚያመልጡት ሳልሞኖች ከዱር ሳልሞኖች ጋር መዳቀላቸውም እንዲሁ።

ሙያው ራሱ ምን ይመስላል?

መርከብ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ፎቶው ላይ እንደሚታየው ብዙ አይደለም። አብዛኛው ኮምፒውተር ፊት ነው፤ ስታቲስቲክስ፣ የምርምር ገንዘብ መጠየቂያ መጻፍ፣ ፈቃድ መጠበቅ። ጥያቄው የሚመለሰውም በዓሣው ፍጥነት ነው። የጃፓኑ ኪንዳይ ዩኒቨርሲቲ ብሉፊን ቱና የሚባለውን ትልቅ የባሕር ዓሣ ሙሉ በሙሉ እርባታ ተወላጅ ለማድረግ በ1970 ጀምሮ በ2002 ነው የተሳካለት። አንድ ሰው ወጣት ሆኖ ጀምሮ ጡረታ ሲወጣ መልሱን ያይ ይሆናል፣ ላያይም ይችላል።

ከዓሣው በላይ ያስቸገረው ሕግ የነበረበት ጊዜም አለ። ሮዝመሪ ሎው በ1945 ማላዊ ሐይቅ ላይ ቲላፒያን ማጥናት የጀመረች እንግሊዛዊት ናት፤ ከዚያ ጂንጃ፣ ኡጋንዳ ባለው የምርምር ተቋም ሠራች። በ1953 ስታገባ ሥራውን መልቀቅ ነበረባት፤ የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት አገልግሎት ደንብ ያገባች ሴት አያሠራም ነበር። ዓሣውን ግን አልተወችውም። ሎው-ማኮኔል ተብላ በደቡብ አሜሪካዋ ጉያና ወንዞችና የባሕር ዳርቻ ጥናቷን ቀጠለች፣ በ2014 እስካረፈችበት ድረስም በሐሩር አካባቢ ዓሦች ጥናት ከሚጠቀሱት ቀዳሚ ስሞች አንዷ ነበረች።

ፖስታዎቹስ? የምርምር ተቋማት አይጥሏቸውም። መሳቢያ መሳቢያ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ አንዳንዶቹ የሰበሰቧቸው ሰዎች ከሞቱ ቆይተዋል። ድንጋዩን ያወጣው ሰው የፈለገው ዕድሜ መቁጠር ብቻ ነበር። ዛሬ አንዲት ወጣት ያንኑ ፖስታ ትከፍትና በሌዘር መሃሉን ፍቃ ዓሣው እጭ በነበረበት ሳምንት የነበረበትን የውሃ ኬሚስትሪ ታነባለች። በእርሳስ የተጻፈው ቀን አሁንም ይነበባል።